አሥራ ሦስት ፈረሰኞች

ከኮሶበር እስከ ጥሊሊ ባለው አገር ቁጥርን እንደ እኔ ፈልፍሎ የሚያወጣ ሰው የለም። ይህን ስል ሰዎች ጉራ ነው ይላሉ። ጉራ ነው፤ ግን እውነትም ነው። እኔ አንድም ቀን ትምህርት ቤት ገብቼ ወንበር ላይ ያልተቀመጥኩ፣ ፊደልንም ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩ ሰው ነኝ። እንዲያም ሆኖ ከአንድ ሺህ በታች የፈለጋችሁትን ቁጥር ጥሩልኝ፤ ከምን ከምን እንደ ተሠራ የያዛችሁት ሻይ ሳይቀዘቅዝ እነግራችኋለሁ። ሦስት መቶ ስድሳ? ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ሦስት ሁለት ጊዜ፣ አምስት አንድ ጊዜ፤ እነዚህ ሲባዙ ነው። ሦስት መቶ ዘጠና አንድ? ይህን ብዙ ሰው አይከፈልም ብሎ ይተወዋል። አሥራ ሰባት በሃያ ሦስት ሲባዛ ነው። እኔ ደግሞ ሳልፈታ የምተወው ነገር የለም።

የጀመርኩት በድንች ነው። የዘር ድንች ለማብቀል በቀርከሃ ቆጥ ላይ ስደረድር ረድፉ እኩል ካልሆነ ዓይኔ አይወድም ነበር። አሥራ አምስቱ በሦስት ረድፍ አምስት አምስት ሆኖ ይተኛል። ሃያ አራቱማ እንደ ፈለግህ አድርገኝ የሚል የዋህ ነው፤ በሁለት፣ በሦስት፣ በአራት፣ በስድስት ይሰለፋል። አሥራ ሰባቱ ግን እምቢ አለኝ። በሁለት ሞከርኩት፣ አንዱ ተረፈ። በሦስት ሞከርኩት፣ ሁለቱ ተረፉ። ከአንድ ረጅም መስመር በቀር የሚቀበለው ነገር አልነበረም። አሥራ ዘጠኙም እንደዚያው። ሃያ ሦስቱም። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ እያየችኝ፣

«ድንቹን ለንግሥ ነው የምታሰልፈው ወይስ ለዘር?» ትለኝ ነበር።

«ዝም በይ፣ አንድ ነገር እያገኘሁ ነው» አልኳት።

«ያገኘኸው ነገር ይበላል?»

አይበላም ነበር። እኔ ግን ያን ክረምት እምቢተኞቹን ቁጥሮች አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። ቆይቶ ቤቴ ክፍል ተከራይቶ ለነበረ አስተማሪ ስነግረው ሳቀና፣ «እነዚህ እኮ ብቸኛ ቁጥር ይባላሉ፤ አምስተኛ ክፍል ላይ አሉ» አለኝ። ስማቸውን እሱ ነገረኝ፤ ቁጥሮቹን ግን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሌላውም ቁጥር ሁሉ ከእነሱ ብዜት እንደሚሠራ፣ ቤት ከግንድ እንደሚሠራ ማለት ነው፣ ያን ጊዜ ከሱ መጽሐፍ አየሁ። ያም ቢሆን ግማሹን አስቀድሜ አውቄዋለሁ። ለምሳሌ ዘጠና ሰባትን ለመመርመር ከሰባት በላይ መድከም አያስፈልግም። የሚቀጥለው እምቢተኛ አሥራ አንድ ነው፤ አሥራ አንድ በራሱ ሲባዛ ዘጠና ሰባትን ያልፋል፤ ስለዚህ በሁለት፣ በሦስት፣ በአምስትና በሰባት ካልተከፈለ ከዚያ ወዲያ የሚከፍለው የለም። ይህን ማንም አልነገረኝም።

ከአስተማሪው ጋር የተጣላነው በአንድ ቁጥር ነው። አንድን ቁጥር ራሷን። እኔ ከብቸኞቹ መካከል ትግባ አልኩ፤ እሱ አትገባም አለ። «አንድ ከገባች መተንተኑ ማለቂያ የለውም፤ ስድስት ሁለት በሦስት ነው ብለህ አትዘጋም፣ በአንድ፣ በአንድ፣ በአንድ እያልክ ስትጨምር ታድራለህ» አለኝ። ለሁለት ሳምንት አኮረፍኩት። ከዚያ በድንቹ ላይ ሞክሬ አየሁና እውነቱን መሆኑን ተቀበልኩ። የተቀበልኩት ግን ድንቹን ነው።

ይህ እውቀቴ ወደ ለቅሶ ሜዳ የወጣው በዘጠና አንድ ፈረሰኞች ምክንያት ነው።

በእኛ ዘንድ ፈረሰኛ የነበረ ሽማግሌ ሲሞት ፈረሰኞች ይሰበሰባሉ። አስከሬኑ ከመቀበሩ በፊት ሜዳው መካከል በቃሬዛ ይቀመጣል፤ ፈረሰኞቹ በረድፍ በረድፍ ሆነው ሦስት ጊዜ ይዞሩታል። ረድፎቹ እኩል መሆን አለባቸው። በአንዱ ረድፍ አራት፣ በሌላው ሦስት ቢሆን ክፉ ነው፤ የጎደለ ረድፍ የሚቀጥለውን ሟች ይጠራል ይባላል። አንድ አንድ ሆኖ በነጠላ መዞር ደግሞ ከዚያ ይብሳል። በነጠላ የሚዞርለት ልጅ ሳይተካ ለሞተ ሰው ብቻ ነው። ሰልፉን ከሩቅ ያየ መንገደኛ ሳይጠይቅ «ምስኪን፣ ዘር የለውም» ብሎ ከንፈሩን ይመጣል።

ያን ጊዜ በአንድ ሽማግሌ ለቅሶ ዘጠና አንድ ፈረስ መጣ። የፈረሰኞቹ አለቃ እኩያዬ ነው፤ ድምፁ እንደ መለከት፣ ሂሳቡ እንደ ሕፃን። በሁለት ሞከረ፣ በሦስት ሞከረ፣ በአምስት ሞከረ፤ አልሆነም። አንዱ ይውረድ ተባለ። ከለቅሶ ፈረስ መውረድ ሟቹን መናቅ ስለሆነ ማንም አልወርድም አለ፤ ዱላ ለመማዘዝ ደረሱ። እኔ በእግሬ ከሕዝቡ መካከል ወጣሁና፣

«በሰባት ረድፍ አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት!» ብዬ ጮህኩ።

አለቃው ዞሮ አየኝ። «አንተ ድንች አሰላፊ፣ እርግጠኛ ነህ?»

«ሰባት ቤት አገው ነኝ እያልክ ትፎክራለህ፤ ሰባትን መሞከር የረሳኸው አንተ!»

ሰው በለቅሶ ሜዳ ላይ አፉን በነጠላው ሸፍኖ ሳቀ። ረድፉም ልክ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየለቅሶው ረድፍ የማወጣው እኔ ሆንኩ። ፈረሰኞቹ ሳይሰበሰቡ መልእክት ይላክብኛል፤ ስደርስ መንገድ ይለቀቅልኛል። እኔ ሳላይ ሰልፍ አይንቀሳቀስም።

ያ ሁሉ ግን የፈረስ ዘመን ነበር። በኋላ ፈረሱ እየቀነሰ ሄደ። የግጦሹ መሬት ዲከረንስ ተተከለበት፤ ዛፉ ለከሰል ይሆናል፣ ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎ ይሸጣል። ፈረስ ሣር እንጂ ከሰል አይበላም። ስልሳ ሆኑ፣ አርባ ሆኑ፣ ሠላሳ ሆኑ። እኔ ለማሰለፍ ሳልቸገር ዋልኩ፤ ያ ግን ደስ የሚል አለመቸገር አልነበረም። የትልልቆቹን ቁጥሮች መክፈቻ እያወቅሁ ትንንሾቹን ብቻ ስከፍት ነው ያረጀሁት።

ታናሽ ወንድሜ ከጥርባ በላይ ባለው ቀዝቃዛ መሬት ላይ ይኖር ነበር። እኔ ለቁጥር እንደ ተፈጠርኩ እሱ ለፈረስ ተፈጥሯል። በፈረሱ ላይ ሲቀመጥ እኔ እንኳ፣ ማንንም የማላደንቀው ሰውዬ፣ ዝም ብዬ አየው ነበር። አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነበረው። ልጁን ቁጥር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከአስተማሪዎቹ ሁሉ በፊት፣ እንዲሁ እያጫወትኩ። ከነገርኩት አንዱንም የማይረሳ ነበር፤ ይህም ከእኔ የወረሰው ነው፤ ከአባቱማ ሊሆን አይችልም።

አባትና ልጅ የተጣሉት በግጦሽ ነው። ልጁ ሲጎለምስ ከግጦሹ ግማሹን ዲከረንስ ተከለበት። ከልቡ ለቤቱ አስቦ ነው። ወንድሜ ግን፣ «ፈረሴን ከሰል አደረግህብኝ» አለው። ልጁም የማይመለስ ቃል መለሰ። ወደ ዳንግላ ሄዶ ባጃጅ መንዳት ጀመረ፤ እዚያው አገባ። ዛፎቹን በሽታ ገባባቸውና ቆመው ደረቁ። ለከሰልም ለግጦሽም ሳይሆን መሬቱ እንዲያው ቀረ። አባትና ልጅም እንዲያው ቀሩ። እኔ መካከላቸው ገብቼ ብዙ ሞክሬያለሁ። አንዱን ሳለዝብ ሌላው ይደርቃል።

ባለፈው ክረምት ወንድሜ በደረቱ ሕመም ተኛ። መንገዱ ተዘግቶ ሚኒባስ የለም፤ ኔትወርክም የለም፤ ሐኪም ቤት የሚወስደው አልተገኘም። እኔ ዱላዬን ይዤ በጭቃው ወጥቼ አጠገቡ ሰነበትኩ። አንድ ቀን ጠዋት እጄን ያዘኝ።

«አያ» አለኝ። ታላቁ ስለሆንኩ ሁልጊዜ የሚጠራኝ እንደዚያ ነው። «የሁሉን ረድፍ ስታወጣ ኖረሃል። የእኔን ረድፍ እንዳታጎድልብኝ።»

«አንተ ገና ነህ፤ እኔን ትቀብራለህ» አልኩት።

«አታባብለኝ። ሙሉ ረድፍ ይሁንልኝ። ሌላ ነገር አልለምንህም።»

«ልጅህስ?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በዚያው ሳምንት ሞተ።

መርዶው በእግር ነው የሄደው፤ ስልክ ስለማይሠራ። ከጥሊሊ በኩል ጥቂቶች ሰሙ። ከዳንግላ በኩል ሰው ይምጣ አይምጣ የሚያውቅ አልነበረም። ወደ ልጁ አንድ ጎረቤት በአቋራጭ ላክን፤ ይድረስ አይድረስ ሳናውቅ የቀብሩ ቀን ደረሰ።

ጉም ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ሜዳ በአንድ በኩል የድንጋይ አጥር፣ በሌላው በኩል ወንዝ አለበት፤ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ሜዳውን ስለሚያጠበው ከአምስት ፈረስ በላይ ጎን ለጎን አያስኬድም። አስከሬኑ መካከል ላይ ተቀመጠ። የወንድሜ ፈረስ ተጭኖ፣ ኮርቻው ባዶውን፣ ሚስቱ ልጓሙን ይዛ ከራስጌው ቆመች። ከሰልፉ ፊት ሆኖ እየተሳበ የሚዞረው እሱ ነው፤ ወጉ እንደዚያ ነው።

ፈረሰኞቹን ቆጠርኩ። እኔ ስቆጥር በአዊኛ ነው፤ የእናቴ ቋንቋ ነው፣ ፈጥኖ ይመጣልኛል። አሥራ ሁለት። አንድ ጊዜ መቶ ሊሞላ የደረሰ ሜዳ አሥራ ሁለት ፈረስ! ያም ሆኖ አሥራ ሁለት ጨዋ ቁጥር ነው። ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት።

«አራት አራት በሦስት ረድፍ» አልኩ።

አለቃው፣ አሁን ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ፣ ከነፈረሱ ቀረበኝ። «ይህቺንስ እኔም አላጣኋትም» አለ።

«ካንተ ጥርስ በላይ ስለሆነች እንዳትሳሳት ብዬ ነው።»

ፈገግ አለ። ወዲያው ፈገግታውን ተወው። «ልጁ አልመጣም?»

«አልመጣም።»

«እንዲያ ከሆነ እንጀምር። ዝናቡ እየመጣ ነው።»

ፈረሰኞቹ ረድፋቸውን ያዙ። በዚያን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ ከጉሙ ውስጥ አንድ ፈረስ ወጣ። ቀጭን ዳማ ፈረስ፣ እስከ ሆዱ ጭቃ የለበሰ። የተቀመጠበት የወንድሜ ልጅ ነበር። ከሚስቱ ዘመዶች ፈረስ ተውሶ፣ አስፋልቱን ትቶ በገጠሩ ዞሮ ነው የመጣው። ከንፈሩ በብርድ ጠቁሯል። እናቱ ልጓሙን እንደያዘች ቆመች፤ አንድ እርምጃ ወደሱ ሄደችና መልሳ ቆመች።

ልጁ ወደ አስከሬኑ አላየም። ወደ ፈረሰኞቹ መጥቶ ከኋላቸው ቆመ።

አሥራ ሦስት።

እኔ ገና ከጉሙ ሲወጣ ነው የቆጠርኩት። ሌሎቹ ቆይተው ነው የገባቸው። አለቃው ወደ እኔ ዞረ። «እህስ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አሥራ ሦስት አይከፈልም። በሁለት አንድ ይተርፋል፤ በሦስትም አንድ ይተርፋል፤ በሦስት ተሞክሮ እምቢ ካለ ደግሞ ከዚያ በላይ መሞከር ጉልበት ማባከን ነው። ያለው ምርጫ አሥራ ሦስቱንም ጎን ለጎን ማሰለፍ ነው፤ ሜዳው አይበቃም። አለዚያ በነጠላ። በነጠላ ከሆነ ደግሞ ልጁ እዚያው ሰልፉ ውስጥ እያለ አባቱን ልጅ የሌለው ብለን ልንቀብረው ነው።

«አንዱ ይውረድ» አለ ከጥሊሊ የመጣ በነጭ ፈረስ ላይ ያለ ወፍራም ሰው። ሲል ግን የራሱን ልጓም አጥብቆ ያዘ።

«ማን ይውረድ?» አለ አለቃው። «አንተ ትወርዳለህ?»

«እኔማ ከሩቅ ነው የመጣሁት።»

«ሁሉም ከሩቅ ነው የመጣው።»

«መጨረሻ የመጣው ይውረዳ» አለ ሌላው።

ልጁ ሰማ። እግሩን ከእርካቡ ማውጣት ጀመረ። «እኔ ልውረድ፤ አታስቸግሩ» አለ።

«እግርህን መልስ!» አልኩት። ድምፄ እኔንም አስደነገጠኝ። «ልጅ አባቱን በእግሩ ቆሞ ሊሸኝ ነው? እኔ እዚህ እያለሁ?»

«ታዲያ አያ፣ አሥራ ሦስት እኮ ነን» አለ። እሱ ለካ ከእኔ እኩል ቆጥሯል።

«አሥራ አራት ነን» አልኩ።

ወደ ወንድሜ ፈረስ ሄድኩና ልጓሙን ከሚስቱ እጅ ወሰድኩ። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። የሟች ፈረስ ባዶውን ይሳባል እንጂ አይጋለብም፤ እንኳን በእኔ ዕድሜ፣ ዳሌው ከተሰበረ በኋላ ኮርቻ ላይ ባልወጣ ሰው። አለቃውም፣ «ወጉን ልታፈርስ ነው?» አለኝ።

«አሥራ አራት ሁለት በሰባት ነው። ሁለት ሁለት ሆነን በሰባት ረድፍ እንሄዳለን። ከአሥራ ሦስት ጋር ምን ልታደርግ ነው? ንገረኝና ልተው።»

«ፈረሱ ግን ባዶ መሆን አለበት።»

«ሟቹ የለመነኝ ባዶ ቦታ እንዳይኖር ነው። ኮርቻውስ ቦታ አይደለም?»

አለቃው ወደ ወንድሜ ሚስት አየ። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች፤ ይሁን አለች። ሁለት ሰዎች አንስተው አስቀመጡኝ። ስቀመጥ ዳሌዬ ውስጥ እንደ ቢላ የሚወጋ ነገር ገባ፤ አላሳየሁም። ያን ሰዓት ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል መፍትሔውን ያገኘሁት እኔ እንደሆንኩ አውቅ ነበር፤ ሕመሙን የቻልኩት በዚያ ነው።

እኔና ልጁ የመጨረሻውን ረድፍ ያዝን። ፈረሱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ወንድሜ ያልሆነ ሰው መቀመጡን ያውቃል። ልጁ እጁን ዘርግቶ አንገቱን ዳሰሰው፣ አንድ ቃል ነገረው፣ ረጋ።

የመጀመሪያውን ዙር ዞርን። በፊተኛው ረድፍ አለቃው ከነጥንዱ፣ ከኋላው ሌሎቹ ጥንድ ጥንድ፣ በጠቅላላው ሰባት ረድፍ፣ አንዱም ሳይጎድል። ቀጭን ሰልፍ ነበር፤ ሙሉ ግን ሙሉ ነው። ልጁ አስከሬኑን ያየው ያን ጊዜ ነው። በአጠገቡ ስናልፍ ባርኔጣውን አወለቀ። ዝናብ በጭንቅላቱ ላይ ይወርድ ነበር፤ አልመለሰውም።

«አያመዎትም?» አለኝ።

«እኔን? ገና ሦስት እዞራለሁ።»

«ሁለት ነው የቀረው።»

«አውቃለሁ!»

ሁለተኛውን ስንጨርስ ሜዳው በኮቴ ተፈጭቶ ሊጥ ሆኗል። በወንዙ በኩል መታጠፊያው ላይ የጥሊሊው ሰውዬ ነጭ ፈረስ የኋላ እግሩ ተንሸራተተና በጉልበቱ ወደቀ። ሰውየው አልተጎዳም። ፈረሱ ግን ሲነሣ እግሩን መሬት ማስነካት አልቻለም። ወደ ዳር ጎትተው አወጡት። ሰልፉ ቆመ። ከፊታችን አራተኛው ረድፍ ላይ የወፍራሙ ሰው ጓደኛ ብቻውን ቀረ፤ ከጎኑ ባዶ ቦታ፣ በባዶው ቦታ ላይ ዝናብ ይወርዳል። ሁሉም ያችን ቦታ ነበር የሚያየው።

እንደገና አሥራ ሦስት።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ማንም ሕፃን የሚያገኘው። አንድ ሰው ይወጣል፣ አሥራ ሁለት እንሆናለን፤ የወጣው ሰው ጥንድ ከፊት ብቻውን ከቀረው ጋር ይገጥማል። የሚወጣውም እኔ ነኝ፤ እኔ የተጨመርኩ ነኝ፣ ሽማግሌ ነኝ፣ ማንም አይወቅሰኝም። ይህን አስቤ ለመውረድ እግሬን ለማንሣት ሞከርኩ። እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ዳሌዬ ደንዝዟል። የሚያወርደኝ ሰው ለመጥራት አፌን ስከፍት ከጎኔ ያለው ፈረስ ዞሮ ነበር።

ልጁ ከሰልፉ ወጣ። ማንም አላዘዘውም። ወደ አጥሩ ሄዶ ወረደ፣ ልጓሙን ይዞ ቆመ። ከዚያ በእጁ ወደፊት ሂድ ብሎ አመለከተኝ።

እዚህ ላይ ነው የተበለጥኩት። በዕድሜዬ ሙሉ በዚያ ሜዳ ላይ ረድፍ ሳወጣ ቀድሞኝ የሠራ ሰው አልነበረም። እሱ እኔን ቀደመኝ። ፈረሱን መልሶ እንዲገባ፣ እኔ እንደምወርድ፣ ልጮህለት ፈለግሁ፤ አለቃው ግን አሥራ ሁለት መሆናችንን አይቶ ጅራፉን አንሥቷል። ፈረሶቹ ተንቀሳቀሱ። የወንድሜም ፈረስ ሰልፍ የለመደ ነውና ሳላዝዘው ወደፊት ሄዶ ባዶውን ቦታ ሞላ። ከማላውቀው ሰው ጎን ሆኜ ሦስተኛውን ዞርኩ።

ስድስት ረድፍ ጥንድ ጥንድ። ሙሉ።

በአስከሬኑ አጠገብ የተቀመጠችው አልቃሽ እስከዚያ ድረስ ስለ ፈረሱና ስለ ጉብዝናው ነበር የምታወርደው። ልጁ አጥሩ ጋ ሲቆም አይታ ግጥሟን ቀየረች፦

«ሜዳው ሞልቶልሃል ፈረስ ተሰልፎ፣
ያንተን መልክ ያየሁት ካጥሩ ተደግፎ።»

ሴቶቹ ተቀብለው ደጋግመው አሉት። እኛ በአጥሩ በኩል ስናልፍ ልጁ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። እኔን ይሁን የአባቱን ፈረስ አላወቅሁም። ሰልፉ ከቆመም በኋላ ወደ መካከል አልመጣም። ቃሬዛው ሲነሣ ከሰዎቹ ኋላ ተከተለ፤ አፈር ሲመለስ ከሴቶቹም ኋላ ነበር።

ከቀብር መልስ ድንኳን ገባን። ንፍሮ ዞረ። እኔን ተሸክመው ነው ያስገቡኝ፤ ሰዎች እየመጡ፣ «አባ፣ አይ ያንተ ጭንቅላት! አሥራ አራትን ከየት አመጣኸው?» ይሉኝ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስኪመሽ አወራው ነበር። ልጁን አጠገቤ እንዲቀመጥ አስጠራሁት። ንፍሮውን በመዳፉ ይዞ ሳይበላ ተቀመጠ።

«እኔ ልወርድ ነበር» አልኩት።

«አይቻለሁ።»

«ትንሽ ብትቆይ እወርድ ነበር። እኔ ብወርድ አንተ ከዚያ ሰውዬ ጋር ትገጥማለህ። አሥራ ሁለት ያው አሥራ ሁለት ነው።»

«ልክ ነው። ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ?»

«ታዲያ ለምን ወጣህ?»

ንፍሮውን አየው። «ሰዎቹ ለአባቴ ነው የመጡት። እርስዎም ለአባቴ ነው ፈረስ ላይ የወጡት። እሱ ሙሉ ረድፍ ለምኖ እንደሞተ መርዶውን ያመጣልኝ ጎረቤት ነግሮኛል። እኔን ለምኖ አልነበረም።»

እኔ መልስ የማላጣ ሰው ነኝ። በሽማግሌ ፊት፣ በአስተማሪ ፊት፣ በዳኛ ፊት መልስ አጥቼ አላውቅም። የወንድሜን ፊት፣ ወደ ግድግዳው የዞረውን፣ አየሁት። ልጁን ላጽናና ብዬ «አባትህ ጠርቶሃል» ማለት እችል ነበር። ዓይኑን አይቼ ተውኩት። ውሸት መሆኑን ከመናገሬ በፊት ያውቀው ነበር።

«ብላ» አልኩት።

ትንሽ በላ። የቀረውን በሳህኑ ላይ መለሰ።

እስከ ሣልስቱ ድረስ እንዲቆይ እናቱ ለመነችው። ፈረሱ የሰው ነው፣ ባለቤቶቹ ለሥራ ይፈልጉታል አላት። ጉሙ ገና ሳይነሣ ጭኖ ወጣ። እኔ ዱላዬን ተደግፌ እስከ ደረቁት ዛፎች ድረስ ሸኘሁት። ዲከረንሱ ግራጫ ሆኖ እንደቆመ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ቅርፊቱ ይረግፋል። ልጁ ፈረሱን አቁሞ ትንሽ አያቸው።

«በረድፍ ነው የተከልኳቸው» አለ። «እርስዎ እንዳስተማሩኝ።»

«አይቻለሁ» አልኩት። «ጥሩ ረድፍ ነው።»

አንገቱን ደፍቶ ጉልበቴን ስሞ በገጠሩ መንገድ ወደ ዳንግላ ወረደ። ዝናቡ ካባራ በኋላ መንገዱ ተከፍቷል፤ ሚኒባሶችም መመላለስ ጀምረዋል። እሱ ግን አልመጣም። እናቱ እኔ ዘንድ ያስቀመጠችውን የአባቱን ፈረስ እንዳልሸጥ ነግራኛለች፤ እኔም ሣር እያጨድኩ አበላዋለሁ።